የጓደኛዬ ሰርግ ጃይፑር ነው፤ አሞኛል ብዬ ልቅር?

ሰላም ለእርስዎ። ዓምዱን ሁሌ አነባለሁ፤ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ለሦስተኛ ዲግሪ ዴልሂ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። እዚህ አንዲት ህንዳዊት ጓደኛ አለችኝ፤ አንድ ላብራቶሪ ነው የምንሠራው። ታምሜ ስተኛ ሾርባ ያመጣችልኝ፣ አከራዬ ያለ ውል ዋጋ ሲጨምር ቆማ የተከራከረችልኝ እሷ ናት። አሁን ልታገባ ነው። ሰርጉ ህዳር መጨረሻ ላይ ጃይፑር፣ ቤተሰቦቿ ዘንድ ነው፤ ሦስት ቀን ይፈጃል። ካርዱን ከአንድ ሣጥን ጣፋጭ ጋር በእጇ ሰጠችኝ፤ "ካልመጣሽ አኮርፋለሁ" ብላለች።

የህንድ ሰርግ ሄጄ አላውቅም። እናቴ ስነግራት ደስ ብሏት ከሽሮ ሜዳ አዲስ የሀበሻ ቀሚስ ገዝታ በሰው ላከችልኝ። ነጭ ነው። ከዚያ አንዷ የዶርም ልጅ "እዚህ እኮ ነጭ የሐዘን ልብስ ነው" አለችኝ። ደግሞ ጾመ ነቢያት ላይ ነው የሚውለው፤ የእነሱ ምግብ ደግሞ ቅቤና ወተት ነው። ካህናቸው እሳት አንድዶ የሚያደርገው ሥርዓትም አለ፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እዚያ መቀመጤ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን? ስጦታስ ምን ያህል ነው? የምኖረው በስኮላርሺፕ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ፤ ያው ለምጄዋለሁ። አንዳንዴ አሞኛል ብዬ ብቀር ይሻላል እላለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከዴልሂ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ቀሚሱ በሰፊው ጽፈሻል፤ ስለ ጾሙም፣ ስለ ስጦታውም። "ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ" የምትለዋን ግን ጣል አድርገሽ፣ "ያው ለምጄዋለሁ" ብለሽ አለፍሻት። እኔን የያዘችኝ እሷ ናት። እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ "አሞኛል" የምትለዋን ነገር እናንሳት። ታመምሽ ብላ ሾርባ ይዛ የመጣች ልጅ እኮ ናት። ስትነግሪያት "እሺ፣ ይማርሽ" ብላ የምትተው ይመስልሻል? እጇ ላይ ያለው ሂና ሳይደርቅ ትደውላለች። ዴልሂ ያለ አንድ ዘመዷን መድኃኒት አስይዛ በርሽ ድረስ ትልካለች። አንቺ ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንበሽ የሌለ ሳል ስትስዪ ልትገኚ ነው። መቅረት መብትሽ ነው፤ ከቀረሽ ግን በእውነተኛው ምክንያት ቅሪ። ለእኔ ሲታየኝ ከፈራሻቸው ነገሮች ብዙዎቹ ለሙሽራዋ በሚላክ አንድ መልእክት የሚፈቱ ናቸው።

ቀሚሱን እንይ። የዶርም ልጅ የነገረችሽ እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው። በሰሜን ህንድ ሂንዱዎች ዘንድ ጌጥ የሌለው ነጭ የሐዘን ልብስ ነው፤ ድሮ ባሏ የሞተባት ሴት ዕድሜ ልኳን ነጭ ነበር የምትለብሰው። እስቲ አስቢው፤ አንቺ ሰርግ ላይ አንዲት የውጭ አገር እንግዳ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከተፍ ብትል! ማንም አያባርራትም። አክስቶችሽ ግን ሲንሾካሾኩ ያመሻሉ። በሌላ በኩል ደቡብ ህንድ፣ ኬረላ ብትሄጂ፣ ሴቶቹ በበዓል ቀን የሚለብሱት ሳሪ ነጣ ያለ ክሬም ሆኖ ጠርዙ ወርቅማ ነው፤ ከሩቅ ካየሽው የእኛን ቀሚስ ይመስላል። ስለዚህ ነጭ ሁሉ ሐዘን ነው ማለት አይደለም፤ ጃይፑር ግን ኬረላ አይደለችም። ወሳኙ የዚያ ቤት ሰው ነው፤ በተለይ የዚያ ቤት አያት።

እኔ ብሆን ቀሚሱን አልጋ ላይ እዘረጋዋለሁ፣ ጥለቱና ጥልፉ በደንብ እንዲታይ አድርጌ ፎቶ አነሳለሁ፣ ለሙሽራዋ እልካለሁ። "እናቴ ለሰርግሽ ብላ ላከችው፤ ብለብሰው ቅር የሚለው ሰው ይኖር ይሆን?" ብዬ። ይህን መጠየቅ ምንም አያሳፍርም። እንዲያውም አዲስ አበባ ያለች አንዲት እናት ስለ እሷ ሰርግ ሽሮ ሜዳ ድረስ መሄዷን ትሰማለች። "ልበሺው!" ካለችሽ ልበሺው። "እንደፈለግሽ" ካለችሽ ደግሞ አትልበሺው፤ በዚህስ ልክ እንደኛ ናቸው። የእናትሽ ነገር አያሳስብሽ፤ ጾሙ ሲፈታ ለገና ለብሰሽው ፎቶ ትልኪላታለሽ። እናቶች ፎቶውን ነው የሚፈልጉት።

ብትፈቅድልሽም ግን ሃልዲ በሚባለው ቀን ቀሚሷን ከሻንጣ እንዳታወጪያት። ሃልዲ እርድ ነው። ሙሽራዋን ፊቷን፣ እጇን፣ እግሯን በእርድ ይቀቧታል፤ ትንሽ ቆይቶ ጨዋታው ይደራና ሰው እርስ በርሱ መቀባባት ይጀምራል። አንዷ አክስት ከኋላሽ መጥታ ሁለት ጉንጭሽን ሙልጭ አድርጋ ትቀባሻለች፤ ወደ ቀሚስሽ መውረዱ አይቀርም። አልጫ የተደፋበት ነጭ ልብስ አጥበሽ ታውቂ የለ? ለዚያ ቀን ሰፈርሽ ካለ ገበያ አንድ ርካሽ ቢጫ ኩርታ (ረጅም ሸሚዝ) ግዢ። ቢጫ ላይ ቢጫ ቢፈስ ማን ያውቃል?

ለዋናው ቀን ለህንጋ፣ ማለትም ሰፊውን የድግስ ጉርድ፣ ወይም ሳሪ ተዋሺ፤ ተማሪ ነሽ፣ አትግዢ። ደማቅ ቀዩን ለሙሽራዋ ተዪላት፤ ሙሉ ጥቁርም ትልልቆቹ ብዙ አይወዱትም። ከዚያ ውጭ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ሐምራዊ፣ የፈለግሽውን ያህል ድመቂ፤ እዚያ በዛ የሚባል ነገር የለም። ሳሪ ከሆነ አሥር መርፌ ቁልፍ ያዢ፤ ማልበሱን ከአክስቶቹ አንዷ ትረከብሻለች። ሌላው ብርዱ ነው። የጃይፑር ሌሊት በዚያ ወቅት ይቀዘቅዛል፤ ድግሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ነው። ጋቢ ተሸክመሽ ሂጂ አልልሽም፤ ወፍራም ሻል ግን አይቅርብሽ።

አሁን ጾሙ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ህንዶች ጾምን ከማንም በላይ ይረዳሉ፤ ራሳቸውም ይጾማሉ። "ጾመኛ ነኝ" ስትያቸው ያከብሩሻል፣ ሮጠውም ይመለሳሉ፤ በእጃቸው የያዙት ግን አንድ ብርጭቆ ወተት ነው። የብዙዎቹ ጾም ስንዴና ሩዝ ነው የሚከለክለው፤ ወተትና ፍራፍሬ ግን ይፈቀዳል። የእኛ ግልባጭ። ስለዚህ "ጾመኛ ነኝ" ብለሽ አታቁሚ፤ ዝርዝሩን ንገሪያቸው። ጊ ናሂን፣ ዱድ ናሂን፣ ዳሂ ናሂን፤ የነጠረ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እርጎ የለም። "ንጹሕ ቬጅ" የሚለው ጽሑፍም እንዳያታልልሽ፤ ሥጋና እንቁላል የለበትም ማለት ብቻ ነው፤ ፓኒሩ (አይባቸው) እና ቅቤው ሞልቷል። ናን የሚሉት ቂጣ ውስጥ እርጎ ሊኖር ይችላል፤ ሮቲ የሚሉትን ስስ ቂጣ ቅቤ ሳይቀባ ለምኚ። ነጭ ሩዝ አለ። ሽንብራው በዘይት ከተሠራ ይሆንሻል፤ ጠይቂ። ጎልጋፓ የሚሞላው ሰውዬ ጋ ደግሞ ጓደኝነት መሥርቺ፤ ያቺ ክብ ተሰባሪ ነገር ድንችና ሽንብራ ተጨምሮባት፣ ቅመም ባለው ውሃ ተሞልታ በአንድ ጉርሻ የምትበላው። እርጎ ካላፈሰሰበት ጾም ናት። ሳይዘጋጁልሽ እንዳይጨነቁ ለጓደኛሽ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ አንቺም ሻንጣሽ ውስጥ ቆሎ አይጥፋ።

ለምን ጾም ላይ ጣሉት እንዳትይ። እኛ በጾም ሰርግ የለንምና ጥር ላይ እንደምንረባረበው፣ እነሱም ፀሐይ አንድ ኮከብ ውስጥ ስትገባ ሰርግ የማይደግሱበት ወር አላቸው። ከእኛ ታህሳስ መጀመሪያ ሳምንት ገደማ ይገባና እስከ ጥር መጀመሪያ ይቆያል። ስለዚህ ህዳር መጨረሻ ላይ ሁሉም ይጣደፋል።

ሰዓት። እዚያው ህንድ፣ ቻንዲጋር ተማሪ ሳለሁ መጀመሪያ የተጋበዝኩበት ሰርግ ላይ የሆንኩትን ልንገርሽ። ካርዱ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ይላል። እኔ 1 ሰዓት ከሩብ፣ አረፈድኩ ብዬ እየተሳቀቅሁ ደረስኩ። የነበሩት ወንበር የሚደረድሩ ልጆችና መሰላል ላይ ያለ ኤሌክትሪሽያን ናቸው። ኤሌክትሪሽያኑ ሻይ ጋበዘኝ። ቆይቶ ትሪ የያዙ ልጆች መዞር ጀመሩ፤ የተጠበሰ ፓኒር፣ ድንች፣ ምናምን። እራቱ ይህ ነው ብዬ ጠግቤ በላሁ። ሙሽራው በፈረስ፣ ፊቱን በአበባ ሸፍኖ፣ ባንዱ እየነፋ፣ ዘመድ መንገድ ዘግቶ እየጨፈረ ሲደርስ 4 ሰዓት አልፏል። ዋናው እራት ከዚያ በኋላ ነው የቀረበው፤ እኔ ሳህን ይዤ ቆሜ ማየት ብቻ! እናም አትቸኩዪ፤ ከመሄድሽ በፊት ከሰዓት በኋላ ትንሽ ተኚ።

ይህ የሰዓት ነገር ከሃይማኖቱ ጥያቄሽ ጋርም ይገናኛል። እሳቱን ዞረው የሚጋቡበት ሥርዓት፣ ፌሬ የሚሉት፣ ካህኑ በኮከብ ቆጥሮ ባወጣው ሰዓት ነው የሚደረገው፤ ብዙ ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይሆናል። አብዛኛው እንግዳ ያኔ በልቶ፣ ሙሽሮቹን መድረክ ላይ ሰላም ብሎ፣ ፎቶ ተነስቶ ሄዷል። ብትሄጂ ማንም አይታዘብሽም። ብትቆዪ ደግሞ ከእንግዳ የሚጠበቀው ጫማ አውልቆ ዳር ላይ ቁጭ ማለት ነው፤ አምልኪ የሚልሽ የለም። በቀጥታ ወደ አንቺ የሚመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። በር ላይ ግንባርሽን በቀይ ሊቀቡሽ ይችላሉ፤ ኋላ ደግሞ ለአማልክቶቻቸው የቀረበ ጣፋጭ ሊዘረጋልሽ ይችላል።

ኃጢአት ነው አይደለም የሚለውን እኔ አልፈርድም፤ ለንስሐ አባትሽ ደውዪ። ስትጠይቂያቸው ግን "የህንድ ሰርግ ልሂድ ወይ?" አትበያቸው፤ ለያይተሽ ጠይቂ። ተጋብዞ መገኘት፣ ሥርዓቱን ቁጭ ብሎ ማየት፣ ግንባር መቀባት፣ የቀረበላቸውን መቅመስ። አራቱ አንድ ዓይነት መልስ ላይኖራቸው ይችላል። አንቺንስ ከአራቱ ሕሊናሽን የሚቆረቁርሽ የትኛው ነው? የማትፈልጊው ነገር ሲመጣ ሁለት መዳፍሽን ገጥመሽ፣ ዝቅ ብለሽ፣ ፈገግ በዪ፤ አጠገብሽ ያለች አንዷ ዘመድ ቀድማ ካወቀች በአንድ ቃል ትጨርስልሻለች።

መዳፍ መግጠም ካልኩ አይቀር፣ ሰላምታችንን ዴልሂ ትተሻት ሂጂ። የሙሽራዋን አባት አገላብጠሽ እንዳትስሚ አደራ! ናማስቴ በቂ ነው። ትልልቆቹን አንቲ ጂ፣ አንክል ጂ በያቸው፤ የእኛ እትዬና ጋሼ ማለት ነው። ልጆቹ ጎንበስ ብለው የሽማግሌ እግር ሲነኩ ታያለሽ፤ እኛ ጉልበት እንደምንስመው ነው፤ ካንቺ ግን አይጠበቅም። በእጅ መብላት ታውቂበታለሽ፤ በቀኝ ብቻ ይሁን። ጉርሻ ግን ተጠንቀቂ። የሰው አፍ የነካውን ምግብና ሳህን መጋራት ብዙዎቹ ይጸየፋሉ፤ በስንት ፍቅር ያጎረስሻት ሴትዮ ልትሳቀቅ ትችላለች። የእነሱም ጉርሻ ታዲያ አለ፤ ደስታ ሲሆን ጣፋጭ በእጃቸው አፍ ውስጥ ይከታሉ። ጀማሪዎቹ እነሱ ይሁኑ። ወተት አለበት፣ አንቺ ደግሞ ጾም ላይ ነሽ፤ እጅሽን ዘርግተሽ ተቀበዪና አስቀምጪው።

ስጦታ ላይ ብዙ አትጨነቂ። ጥሬ ገንዘብ በፖስታ ነው፤ ሻጉን ይሉታል። መጨረሻው ላይ አንድ ሩፒ ትጨመራለች፤ 500 ሳይሆን 501፣ 1,000 ሳይሆን 1,001። ዜሮ መዝጊያ ነው፣ አንድ ግን ይቀጥላል ብለው ነው። ሳንቲሟ ከላይ የተለጠፈባት ፖስታ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ታገኛለሽ። ተማሪ 501 ሰጠች ብሎ የሚያማሽ የለም። ስምሽን ጻፊበት፤ ካርዱ ላይ ስጦታ አንቀበልም የሚል ካለ ደግሞ ቃሉን አክብሪ። የአገር ነገር ልጨምር ካልሽ ግማሽ ኪሎ ቡና ድንቅ ነው። የቆዳ ቦርሳ ወይም ቀበቶ ግን ይቅር፤ የላም ነገር ነው።

አሁን ወደ "ለምጄዋለሁ"።

የለመደ ሰው አይጽፈውም ብዬ አሰብኩ። ተሳስቼ ከሆነ እለፊው። ግን ልጠይቅሽ፤ ከባዱ የቱ ነው? ማፍጠጣቸው? ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳታቸው? ፀጉርሽን መንካታቸው? ወይስ ስትገቢ ወሬ ቀጥ የምትለዋ ሰከንድ? ሁሉም የዋህነት ነው ብዬ አልሸፋፍንልሽም። ግማሹ እውነትም ጉጉት ነው፤ ግማሹ አይደለም። የቆዳ ቀለም ነገር ለራሳቸው ሴቶች ልጆችም ሸክም ነው፤ የጋብቻ ማስታወቂያ ላይ "ቀላ ያለች" ብሎ መጻፍ እዚያ የተለመደ ነው። ይህን ለጓደኛሽ ነግረሻት ታውቂያለሽ? እኔ እንጃ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ሁለት ዓመት አጠገብሽ ተቀምጣ ልብ ሳትለው ቀርታ ይሆናል።

ንገሪያት። እህቷን ወይም እኩያሽ የሆነች የአጎቷን ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንድታጣብቅሽ ጠይቂያት። አንድ የምታውቂው ፊት አጠገብሽ ካለ ሦስት መቶ የማታውቂው ሰው ይቀልላል። ፎቶ ላይ ካልፈለግሽ "አሁን አይሆንም" በዪ፤ ሰርገኛ ነሽ እንጂ ኤግዚቢሽን አይደለሽም። ምቾት ከነሳሽ የምትገቢበት ክፍል የት እንደሆነ ቀድመሽ እወቂ፤ ከማን ጋር እንደምታድሪም ጠይቂ። ሦስቱን ቀን የማትችዪው ከመሰለሽ ደግሞ ከሃልዲው ወይም ከሳንጊቱ አንዱን መርጠሽ፣ ዋናውን ቀን ጨምረሽ ተመለሺ። ሳንጊት የዘፈንና የጭፈራው ምሽት ነው፤ እስክስታ ማስወረዳቸው ስለማይቀር ትከሻሽን አሟሙቂ። "አግብተሻል? ለምን እስካሁን?" የሚሉ አክስቶችም አሉ፤ ለእነሱ መድኃኒት የለኝም፣ እኛም ቤት አልተገኘም።

ደግሞም አንቺ የሴቷ ወገን ነሽ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ጋ የሙሽሪት ጓደኞች በር ላይ ቆመው ሰርገኛ አናስገባም እንደሚሉት፣ እዚያ የሙሽራውን ጫማ ይሰርቃሉ። እሳቱ ጋ ሲቀመጥ ያወልቀዋል፣ ልጆቹ ይዘው ይጠፋሉ፣ ገንዘብ ካልተከፈለ አይመለስም። እመኚኝ፣ አንቺ ቦርሳ ውስጥ ለመደበቅ የሚመጡ አሉ፤ ማን ይጠረጥርሻል?

ከሁሉም መጨረሻ ሽኝቱ አለ። ሊነጋጋ ሲል ሙሽራዋ ከወላጆቿ ቤት ስትወጣ ሩዝ በእፍኟ እየዘገነች፣ ወደ ኋላ ሳትዞር በትከሻዋ ላይ ትበትናለች። ሌሊቱን ሲጨፍር ያደረው አባት ያኔ ነው የሚያለቅሰው። ያቺን ሰዓት እዚያ ብትሆኚ ደስ ይለኛል፤ አንቺም የሚልሽ ይመስለኛል።

ዛሬ ማታ ሦስት ነገር አድርጊ። የቀሚሱን ፎቶ ላኪ። እዚያው መልእክት ላይ "ቅቤና ወተት አልበላም፤ ደግሞ ትንሽ ፈርቻለሁ፣ ሰው መድቢልኝ" ብለሽ ጨምሪበት። የባቡር ትኬትሽን ደግሞ ነገ አትበዪ፤ ከዴልሂ ጃይፑር አምስት ሰዓት ገደማ ነው፣ በሰርግ ወቅት ግን ወንበር ቶሎ ያልቃል፤ የመመለሻውንም አብረሽ ቁረጪ።